ሁለት ዳቦ ቤት ካላት መንደር የመጡት ባልና ሚስት

ሰው ማጠብ ስማር ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት በዴንቨር መሀል ከተማ በአንድ ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ዓመታት ቆይቻለሁ፤ አልጋ ግን ማንም ያነጥፋል። ሰው የተኛበትን አልጋ፣ ተኚው ሳይበርደው፣ ሳያፍር፣ ሳይናጥ፣ አንሶላውን ከሥሩ መለወጥ ነው ሙያ የሚባለው። ያን ሙያ የተማርኩት ኦሮራ ውስጥ በአንድ ነርሲንግ ሆም፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ነው። ሰርተፊኬቱን የሰጠኝ ትምህርት ቤት ቢሆንም ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ አሰለፈች ናቸው።

በቅርቡ ጡረታ ስወጣ ቤት ለቤት አስታማሚ በሚልከው መሥሪያ ቤታችን፣ በኤጀንሲው፣ ያሉ ልጆች ኬክ ገዝተው ሸኙኝ። አንዲት አዲስ ገቢ፣ ስልኳን ከእጇ ሳታወርድ፣ "እትዬ ጥሩነሽ፣ በእናንተ ጊዜ አፕ ሳይኖር የበሽተኛውን ነገር በምን ታውቁት ነበር?" አለችኝ።

"በማየት" አልኳት።

ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄዋ ከነከነኝ። ማየት ብቻውን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እያየሁ የተሳሳትኩበት ጊዜ አለና። ስለዚህ ለዚያች ልጅ በአንድ ቃል የመለስኩላትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስላት። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቀሪውን ከመጽሐፍም ከሰውም ለቅሜ ያገኘሁት ስለሆነ አጻጻፌ እንደ ወሬዬ ቢሆን አትፍረዱብኝ።

እትዬ አሰለፈች ደሴ ሆስፒታል ድሬሰር ነበሩ፤ በሱዳን አድርገው ከብዙዎቻችን ቀድመው መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። ጆሮው የማይሰማ በሽተኛ ክፍል እንኳ ሲገቡ ያንኳኳሉ፤ አንኳኩተውም ቆም ይላሉ። "እትዬ፣ ሰውዬው እኮ አይሰሙም" ስላቸው፣ "እኔ እሰማለሁ" አሉኝ። ፎጣውን ብብታቸው ሥር ይዘው ያሞቁታል። ገላ ሲያጥቡ ከእጅ እንጂ ከፊት አይጀምሩም። "ፊት የሰው ደጃፍ ነው፤ በመጀመሪያ እጁን ጨብጪው" ይላሉ። በሽተኛ አጠገብ ሁለታችን በአማርኛ ካወራን ወዮልን! "የማይገባው ቋንቋ ከራሱ በላይ ሲወራ ሰው የሞተ ይመስለዋል" ብለው ያባርሩናል።

ከልማዳቸው ሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን አንዱ ነው። አዲስ በሽተኛ ሲገባ ነርሶቹ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ግፊቱ፣ ስለ ስኳሩ ይጠይቃሉ። እትዬ አሰለፈች ቤተሰቡን ጥግ ወስደው፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው፣ "በልጅነታቸው እሑድ ጠዋት ምን ያደርጉ ነበር?" ይላሉ። ሰዉ ግራ ይጋባል፤ ከዚያ ይመልሳል፤ ሲመልስም ብዙ ጊዜ ያለቅሳል።

"ይሄ ምን ይጠቅማል?" አልኳቸው።

"የዛሬ ቁርሱን የረሳ ሰው የልጅነት እሑዱን አይረሳም፣ ጥሩዬ። ሰው ሲያረጅ ወደ መጣበት ነው የሚመለሰው። አንቺ ቀድመሽ እዚያ ጠብቂው።"

አለቆቻችን ተፈራረቁ፤ አንዷ ደግ ነበረች፣ አንዱ በሰዓት ቆጣሪ የተወለደ ነበር፣ ሌሎቹን ረስቻቸዋለሁ። ክፍያውን አንሺ ካላችሁኝ፣ የሁለት ሰው ሺፍት እየሠራሁ ልጆቼን አሳድጌበታለሁ፤ ይኸው ነው። እትዬ አሰለፈች ጉልበታቸው ከድቷቸው ሥራ ሲያቆሙ እኔም ሕንፃውን ለቅቄ ቤት ለቤት መሥራት ጀመርኩ። በዚህም የተነሣ ነው ጋሼ ቪለምንና ወይዘሮ ሪያን ያገኘሁት።

ቤታቸው ዴንቨር ውስጥ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ሰፈር ነው፣ የድሮው ኤርፖርት በነበረበት። ጋሼ ቪለም በዚያ ኤርፖርት የአውሮፕላን ሜካኒክ ነበሩ። "መኝታ ቤቴ ያለው ድሮ ጎማ የምፈትሽበት ቦታ ላይ ነው፤ እንቅልፍ የማይወስደኝ ለዚህ ነው" እያሉ ይቀልዳሉ። ሁለቱም ከአንድ የሆላንድ መንደር ናቸው። ልጃቸው አንኬ የእኔ እኩያ ናት፤ ቤቱን ገዝታ ያስገባቻቸው እሷ ነች። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ወይዘሮ ሪያ ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ ነበር፤ ያን ጊዜ አእምሯቸው እንደ ምላጭ ነው።

በመጀመሪያው ቀን እንደ መምህሬ ጥያቄዬን ጠየቅኩ። "እሑድ ጠዋት ምን ታደርጉ ነበር?"

ባልና ሚስት ተያዩና ሳቁ።

"እኔ ወደ ግራ፣ እሱ ወደ ቀኝ" አሉ ወይዘሮ ሪያ። "እኔ ካቶሊክ፣ እሱ ፕሮቴስታንት። በአንድ መንገድ ላይ ፊት ለፊት እንተላለፋለን፤ ሰላም አንባባልም።"

እኔ ፕሮቴስታንት ሲባል የማውቀው የእኛን አገር ጴንጤዎች ነው። ጋሼ ቪለምን አየኋቸው፤ እንደ በር መቀርቀሪያ ድርቅ ያሉ ሰው። "እልልታ አለ? ጭብጨባስ?" አልኳቸው።

"በእኛ ቤተ ክርስቲያን ማሳል ራሱ ያስጠይቅ ነበር" አሉ።

ቀስ በቀስ ስለ መንደራቸው ነገሩኝ፤ እኔም ወሬ እወዳለሁ፣ እነሱም መንገር። መንደሯ ትንሽ ናት፤ ቆመሽ ብትጣሪ ዳር ያለው ሰው ይሰማሻል። ሁሉ ነገሯ ግን ሁለት ሁለት ነው። የካቶሊክ ትምህርት ቤት፣ የፕሮቴስታንት ትምህርት ቤት። ሁለት ጋዜጣ፣ ሁለት የእግር ኳስ ቡድን፣ ሁለት የሠራተኛ ማኅበር፣ ሁለት የሬዲዮ ጣቢያ። ሁለት ዳቦ ቤት፤ የካቶሊክ ልጅ በፕሮቴስታንቱ ዳቦ ቤት በር ሲያልፍ ሽታው እንዳይገባው ትንፋሹን ይይዛል። ፓርቲም እንደዚያው ነው። ካቶሊክ ተወልዶ የካቶሊኩን ፓርቲ አለመምረጥ የማይታሰብ ነው፤ ቄሱ መድረክ ላይ ወጥተው ይናገራሉ።

"የእናንተ ፓስተርስ?" አልኳቸው ጋሼ ቪለምን።

"የእኛው አይናገርም። ያይሻል።"

"ፍየል እንኳ" አሉ ወይዘሮ ሪያ፣ ሳቃቸው እየቀደማቸው፣ "ፍየል አርቢዎች እንኳ ሁለት ማኅበር ነበራቸው። ፍየሎቹ አያውቁም እንጂ ግማሾቹ ካቶሊክ ነበሩ።"

ሲጋቡ የሁለቱም ቤተሰብ ጀርባውን ሰጣቸው። በአገራቸው "በአንድ ትራስ ላይ ሁለት እምነት ሲተኛ መካከል ላይ ሰይጣን ይተኛል" የሚባል ተረት አለ አሉ። አሜሪካ የመጡት ያን ተረት ሸሽተው ነው። እዚህ ከመጡ በኋላ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ረግጠው አያውቁም፤ አንኬንም አላስጠመቋትም።

"የእናንተ ብቻ ነው ወይስ የአገራችሁም እምነት እንዲህ ሄደ?" አልኩ አንድ ቀን የወይዘሮ ሪያን ተረከዝ በትራስ ከፍ እያደረግኩ፤ ተረከዝ ፍራሽ ከነካ ይቆስላል።

"ሄደ" አሉ ጋሼ ቪለም። "የእኛው እንደ ቀዳዳ ባልዲ ነው፣ ከአያቴ ጊዜ ጀምሮ ጠብ ጠብ ሲል ቆይቶ አለቀ። የእነሱ ግን ግድብ ነው። እኛ ወጣት ሳለን እስከ አፉ ሙሉ ነበር፤ አንድ ትውልድ ሳይሞላው ተደረመሰ።"

"ግድብ ስለነበረን ነዋ!" አሉ ወይዘሮ ሪያ ከአልጋቸው። "እናንተማ ድሮም ውሃ አልነበራችሁም።"

"ፓርቲዎቹስ?"

"ተጋቡ" አሉ ወይዘሮ ሪያ። "ሰው ሲሸሻቸው ጊዜ የካቶሊኩና የፕሮቴስታንቱ ፓርቲ ተጋብተው አንድ ሆኑ። እኛ ስንጋባ ያወገዙን!"

እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ልትወጣ ድምፅ ሰጠች የተባለ ቀን ግን በዚያ ቤት ጦርነት ሆነ። ስገባ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፤ ጋሼ ቪለም ጉልበታቸውን እየመቱ፣ ወይዘሮ ሪያ እያለቀሱ።

"ጎበዞች! እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቁልፍ ይኑረው" ይላሉ ጋሼ ቪለም።

"ቁልፍ ቁልፍ ትላለህ፣ ቤቱ ሲቃጠል በየትኛው በር ልትወጣ ነው?"

በነገሩ ገባሁበት። ወይዘሮ ሪያ ሲያስረዱኝ፣ ልጅ ሳሉ ቤልጅየም ቢሄዱ፣ ጀርመን ቢሄዱ፣ ቅዳሴው ያው በላቲን ነው፤ ከድንበር ማዶ ያለ ቄስ እንግዳ አልነበረም፤ ስለዚህ አውሮፓ አንድ ትሁን ሲባል አልደነቃቸውም። ጋሼ ቪለም ደግሞ መጽሐፉ በራሳቸው ቋንቋ፣ ሽማግሌዎቹ ከራሳቸው መንደር፤ ሩቅ ተወስኖ የሚመጣ ነገር አይዋጥላቸውም።

"እንዴ! ሁለታችሁም እኮ ቤተ ክርስቲያን አትሄዱም!" አልኳቸው።

ጋሼ ቪለም ቴሌቪዥኑን ቀነስ አደረጉ። "ጥሩነሽ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እግሩ ይወጣል። አረማመዱን ግን የተማረው እዚያ ነው።"

ይህን ለልጄ ለሰብለ፣ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈሯ ሄጄ፣ ነገርኳት። ሰብለ ማሕሌት ስትሰማ ያደገች ልጅ ናት፤ አሁን ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው ለፋሲካ ብቻ ነው። እሑድ አብረን እንሂድ ስላት "ማም፣ አይም ጉድ" አለችኝ፤ ይቅርብኝ ማለቷ ነው። ለሆላንዶች ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የፈጀው ነገር ለእኛ ከኤርፖርት እስከ ሃይስኩል ነው የፈጀው አልኩ በልቤ። ይሁን እንጂ ልጄ የታመመ ጎረቤት ሲኖር ወጥ ሠርታ ሳትነግረኝ ትሄዳለች፤ አረማመዷ ያው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወይዘሮ ሪያን መርሳት ጀመራቸው። መጀመሪያ የቁልፍ ቦታ፣ ከዚያ የወሩን ስም፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን። በመጨረሻ በሆላንድኛ ብቻ ቀሩ፤ እኔ ዳቦ፣ ውሃ፣ ያማል፣ ቀስ በይ የሚሉትን ቃላት ከጋሼ ቪለም ተማርኩ። አንድ ሰሞን ዓርብ ዓርብ ሥጋ ሲቀርብላቸው አፋቸውን ይዘጋሉ። አንኬ "ምግብ እያስጠላት ነው" ብላ ተጨነቀች። እኔ ግን የጾም ሰው ነኝ፤ ምግብ አስጠልቶት አፉን የሚዘጋና ጾሞ የሚዘጋ ሰው ፊቱ ይለያል። በካቶሊክ ጾም የተፈቀደውን ዓሣ አመጣሁላቸው፤ በሉ። "ወደ ልጅነታቸው ተመልሰዋል" አልኳት አንኬን፣ እትዬ አሰለፈችን እያመሰገንኩ።

ያላሰብኩት፣ ወደ ልጅነታቸው ሲመለሱ ባላቸው እዚያ አለመኖራቸውን ነው።

አንድ ጠዋት ጋሼ ቪለም እንደ ልማዳቸው ፀጉር ሊያበጥሩላቸው ገቡ። ወይዘሮ ሪያ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡና አንድ ነገር ተናገሩ። ጋሼ ቪለም ማበጠሪያውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

"ምን አሉ?" አልኩ።

"'ይሄ የዚያኛው ትምህርት ቤት ልጅ ነው። እማዬ እንዳታናግሪው ብላኛለች።'"

በዚያን ቀን ጋሼ ቪለም ሳቁ። በማግሥቱ ሲገቡ ወይዘሮ ሪያ ጮኹ፤ ከዚያም የውሃ ኩባያ ወረወሩባቸው። የሆስፒሷ፣ መሞቻቸው የተቃረበ በሽተኞችን የምትከታተለው፣ ነርስ በሽታው ነው፣ አትከራከሯቸው፣ ሲረበሹ ባላቸው ይውጡ አለች፤ እውነቷን ነው። ለእኔም ለአንኬም ጥግ ወስዳ ቀናቸው እየቀረበ መሆኑን ነገረችን። ጋሼ ቪለም ከክፍሉ በር ውጭ ወንበር አስቀምጠው መዋል ጀመሩ። ሚስታቸው ሲስቁ ይሰማሉ፣ ሲያቃስቱ ይሰማሉ፤ መግባት የለም።

"ጥሩነሽ" አሉኝ አንድ ቀን። "ለእሷ ብዬ እናቴን ተውኩ፣ አገሬን ተውኩ። አሁን በር ላይ ቆሜ ልትሞትብኝ ነው። እጇን ይዤ ብትሄድ ሌላ አልፈልግም።"

ከዚህ በኋላ ነው በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከሁሉ የከበደኝ ስህተት የመጣው። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ያውም አዋቂ መስዬ። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ችግሩ ፕሮቴስታንት መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ ካቶሊክ መስለው ይግቡ። እኛ ዘንድ የማያውቁት ሰው ደጅ ሲመጣ አማተበ ማለት የእኛ ሰው ነው ማለት ነው።

"አማትበው ይግቡ" አልኳቸው።

"አላደርገውም።"

"እግዚአብሔር የለም ይሉ የለም እንዴ? ከሌለ ምን ይጎዳዎታል?"

"የለም። እኛ ግን አናማትብም።"

እዚያው ሳቅ አመለጠኝ። "ጋሼ፣ የማያምኑበት እግዚአብሔር ራሱ ፕሮቴስታንት ነው ማለት ነው!"

እሳቸውም ሳቁ፤ ግን አሻፈረኝ አሉ። አንኬ ለመነቻቸው፣ እኔ ለመንኳቸው። በመጨረሻ እሺ አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ያ ሽክርክሪት ብሎን ሲፈታ የኖረ ወፍራም እጅ። እኔም እንደማውቀው አስተማርኳቸው፤ በእኛ ደንብ፣ ጣት ከጣት አመሳቅሎ መስቀል ሠርቶ፣ ከግንባር ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ካቶሊኮች እጃቸውን ዘርግተው እንደሚያማትቡ ልብ ብዬ አላየሁም። አንኬም አታውቅም፤ ማን ያሳያት? ጋሼ ቪለም ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያን ነገር ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ሸሚዛቸውን ቀይረው ገቡ። ወይዘሮ ሪያ አዩአቸው። ጋሼ ቪለም ጣታቸውን አመሳቀሉና አማተቡ።

የወይዘሮ ሪያን ፊት አልረሳውም። መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ እንደ ትንሽ ልጅ ተጨማደደ። አልጮኹም። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው እንባቸው በጣቶቻቸው መካከል ፈሰሰ።

ጋሼ ቪለም ወጥተው ግድግዳ ተደገፉ። "ለካ እንዲህ ነበር የምናደርጋቸው" አሉ። "እኛ፣ እሷ የዚያኛው ትምህርት ቤት ልጆች የምትለን። የካቶሊክ ሴት ልጆች ሲያልፉ ጣታችንን አጣመን እያማተብን እናሾፍባቸው ነበር። እኔም አድርጌዋለሁ። ስታስተምሪኝ እጄ አውቆት ነበር፤ እኔ ነኝ ያላወቅኩት።"

ወይዘሮ ሪያ ከዚያ ወዲያ ከእኔም እጅ መብላት አቆሙ። አፋቸውን በርጥብ ጥጥ ከማበስ በቀር የሚቀበሉኝ ነገር አልነበረም። ጋሼ ቪለም ወንበራቸውን ከበሩ አንሥተው ጋራዥ አስገቡ። ሄጄ ለእትዬ አሰለፈች ነገርኳቸው፤ ያኔ እሳቸው ራሳቸው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት።

ሰምተው ሲጨርሱ አልተቆጡኝም። "ስለ እሑዷ ጠየቅሽ" አሉ። "እሑድ የሚለያዩበት ቀን ነዋ! ሲገናኙ የት እንደነበር ጠየቅሽ?"

አልጠየቅኩም ነበር። በማግሥቱ በረዶ እየጣለ ነው፤ እንደምንም ነድቼ ደረስኩና ፓርክ አድርጌ በቀጥታ ጋራዥ ገባሁ።

"ጋሼ፣ በዚያች መንደር፣ ሁሉ ነገር ሁለት በሆነበት፣ እናንተ የት ተገናኛችሁ?"

"በረዶ ላይ" አሉ።

መንደራቸውን የውሃ ቦይ ያቋርጣታል። ብርዱ ሲከር ቦዩ በረዶ ሆኖ ይረጋል፤ ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱም ዳቦ ቤቱም ባዶ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ መንሸራተቻ ጫማውን አሥሮ በረዶ ላይ ነው። ሁለት ትምህርት ቤት ሠርተዋል፣ ሁለት ቦይ ግን መቆፈር አልቻሉም። በረዶ ላይ ማንም የማንንም ልጅ እጅ ይይዛል፣ የወደቀን ያነሣል፤ በረዶው እስኪቀልጥ እናትም አትቆጣም።

"የጫማዋ ማሠሪያ ተፈትቶባት ነበር። ተንበርክኬ አሠርኩላት። ያኔ ነው ስሟን የጠየቅኳት።"

"ይነሡ" አልኳቸው። "ካፖርትዎን ይልበሱ። ይውጡና በረዶው ላይ ይቁሙ።"

"ምን ሆንሽ?"

"ጉንጭዎ ይቅላ። እጅዎ ይብረድ።"

እትዬ አሰለፈች ቀዝቃዛ እጅ ይዤ በሽተኛ ክፍል ብገባ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግን ጋሼ ቪለምን አወጣኋቸው። በግቢው ውስጥ፣ የሱፍ ቆብ አድርገው፣ በረዶው ትከሻቸው ላይ እየወረደ ቆሙ። እኔ ወይዘሮ ሪያን በዊልቸር መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩ፣ መጋረጃውን ገለጥኩ፣ ወፍራም ካልሲና የአንኬን የበረዶ ቦት ጫማ አደረግኩላቸው፤ ማሠሪያውን አላሠርኩም። ነጩን ሲያዩ ዓይናቸው ተከፈተ።

ጋሼ ቪለም በረዶውን ሳያራግፉ ገቡ። አላማተቡም፣ ስማቸውንም አልተናገሩም። ያ ለእግዚአብሔር አልንበረከክም ሲል የኖረ ጉልበት ቀስ ብሎ ታጠፈ። በሚስታቸው እግር ሥር ተንበርክከው የቦቱን ማሠሪያ ያዙ።

ወይዘሮ ሪያ ቁልቁል አዩአቸው። አንኬ በር ላይ ቆማ ታያለች። ወይዘሮ ሪያ ሁለተኛውን እግር ራሳቸው ወደ ፊት ገፋ አደረጉ። ከዚያም አንድ ነገር ጠየቁ።

"ይሸከማል ወይ? ነው የምትለው" አሉ ጋሼ ቪለም፣ ቀና ሳይሉ። "በረዶው።"

"ይመልሱላቸዋ!" አልኩ።

በሆላንድኛ መለሱላቸው። ይሸከማል አሉ መሰለኝ፤ ምክንያቱም ወይዘሮ ሪያ እጃቸውን ዘረጉ፣ የቀዘቀዘውን እጅ ያዙ፣ "ዩይ!" ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ቪለም ወደዚያ ክፍል የሚገቡት በካፖርትና በቆብ ነው። በጋለ ቤት ውስጥ ላብ እያጠመቃቸው ያን የሱፍ ቆብ አያወልቁም። አንዳንድ ቀን በረዶ የለም፤ ፍሪጅ ከፍተው እጃቸውን ይከቱና ይገባሉ። አንኬ "ዳድ፣ አይስክሬሙን አቅልጠህ ልትጨርሰው ነው" እያለች ትስቅባቸዋለች። ወይዘሮ ሪያም ሾርባ ከእሳቸው እጅ መጠጣት ጀመሩ። የትኛው ትምህርት ቤት ልጅ እንደሆኑ አንድም ቀን አልጠየቋቸውም።

መጨረሻው ሲቀርብ አንኬ ወጥ ቤት ውስጥ ያዘችኝ። "ጥሩነሽ፣ ቄስ ይጠራ ወይ? እኔ ይህን ነገር አላውቅም። እናቴ አታምንም ነበር።"

መልስ ሳልሰጣት ጋሼ ቪለም ከኋላችን ተናገሩ። "እናትሽ አታምንም ነበር። አሁን ያለችው ልጅ ግን ታምናለች። ጥሪላት።"

ከቅርብ ደብር የመጣው ቄስ ወጣት ናይጄሪያዊ ነበር። ጋሼ ቪለም በር ላይ አገኙትና ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "የሚስቴ አጎት አፍሪካ ሊሰብክ ሄዶ እዚያው ነው የተቀበረው" አሉት።

"እንግዲያውስ ዕዳችንን ልንመልስ መጣን" አለ ቄሱ ፈገግ ብሎ። እኔን አየ፣ "አንቺስ?" አለኝ። "እኛ ፈረንጅ ሳይሰብከን የቆየን ነን" አልኩት፤ ሦስታችንም ሳቅን፣ በዚያ ሰዓት።

የተቀደሰውን ዘይት ግንባራቸውንና መዳፋቸውን ሲቀባ ወይዘሮ ሪያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ጸሎቱን ያውቁታል። ጋሼ ቪለም አልጸለዩም። ቆባቸውን ግን አወለቁ።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ሪያ ሁለት ቀን ያህል ቆዩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐዩ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ያለው በረዶ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ጋሼ ቪለም የሚስታቸውን እጅ ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ ትንፋሻቸው ሲራራቅ አይቼ አንኬን ጠራኋት። ጋሼ ቪለም በዚያች መንደር ቋንቋ አንድ ነገር በሚስታቸው ጆሮ ተናገሩ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ወይዘሮ ሪያ እጃቸው በባላቸው እጅ እንደተያዘ ሄዱ። አጠብኳቸው፤ ከእጅ ጀምሬ፣ በሞቀ ፎጣ።

ወይዘሮ ሪያ ታላቅ እህት ነበረቻቸው። እስካሁን ያላነሣኋት በዚያ ቤት ስሟ ስለማይነሣ ነው። መነኩሲት ናት፤ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኗታል፣ ያለችውም ሆላንድ ውስጥ ሌሎቹ መነኮሳት አልቀው ጥቂት አሮጊቶች በቀሩበት ገዳም ነው። እህቷ ካገባች ቀን ጀምሮ የጋሼ ቪለምን ስም በአፏ ጠርታው አታውቅም። አንኬ ስልክ ደውላ የእናቷን መሞት ስትነግራት፣ መነኩሲቷ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ "ብቻዋን ነበረች?" ብላ ነው። አንኬም የሆነውን ሁሉ፣ ጋራዡንም፣ ጣት ማመሳቀሉንም፣ ቦት ጫማውንም ነገረቻት። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማችና ስልኩን ዘጋች።

በቀጣዩ ጸደይ አንኬ አባቷን ይዛ ወደ ሆላንድ ሄደች፤ ሆቴልም ይዛ ነበር። ገዳሙ በር ላይ ሲደርሱ መነኩሲቷ በዊልቸር ሆና ትጠብቃቸዋለች። ሆቴሉን ሰርዙት አለቻቸው። በእንግዳ ክፍሉ ውስጥ ለጋሼ ቪለም አልጋ አስነጥፋላቸው ነበር፤ እዚያ አንድ ሳምንት አደሩ፣ ጠዋት ጠዋትም ጋሼ ቪለምን በስማቸው ጠርታ አጠገቧ እያስቀመጠች ቁርስ አበላቻቸው።